ከስካነሩ በፊት ዝርዝሩ

ስለ አሮጌ ወረቀት አያያዝ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መሬት መዝገብ ናቸው። ደስ ብሎኛል። የአያቱን ፎቶ ለማዳን የሚሮጥ ሰው ሞልቷል፤ የወሰን ደብተር ለማዳን የሚሮጥ ግን ብዙ አይገኝም። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ውስጥ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ለዚህ ጉዳይ ማዳላቴ አይቀርም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ነን። አንድ መሥሪያ ቤት ሊታደስ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ የድሮ የመሬት መዝገቦች፣ ዶሴዎችና የቅየሳ ካርታዎች እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል። ኃላፊው «ከወሰዳችሁት ውሰዱት፤ ካልሆነ ይወገዳል» ብለውናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባን በስልካችን ልናነሳው፣ የሚያምሩትን ካርታዎች ደግሞ ለብቻ አውጥተን ልናስቀምጥ አስበናል። ከየት እንጀምር?
የምድር ቤቱ ልጆች

መልስ፦ ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። ስልኩን ግን ለጊዜው ኪሳችሁ ክተቱት።

መጀመሪያ የኃላፊውን ነገር እንጨርስ። የመንግሥት ሰነድ የኃላፊው የግል ዕቃ አይደለም። በብዙ አገሮች ሕግ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት አይቶ ሳይፈቅድ ዶሴ አይወገድም፣ ለግለሰብም አይሰጥም። ስለዚህ «ውሰዱት» ስለተባላችሁ ብቻ ጭናችሁ ቤት እንዳትወስዱት። ሰውየው ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቦታ ጠቧቸው ይሆናል። ግን የመሬት መዝገብ ከሕጋዊ ጠባቂው እጅ አንዴ ከወጣ፣ ነገ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «በመሃል ማን ነካው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይህን የሚመልስ ከጠፋ መዝገቡ እያለም እንደሌለ ነው። ዛሬውኑ ለቤተ መዛግብቱ ደብዳቤ ጻፉ። ከኃላፊው ደግሞ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያዙ። እነማን እንደምትገቡ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ኮፒው የማን እንደሆነ ይጻፍበት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ኃላፊ ሲቀየር ግን የሚያድናችሁ እሱ ወረቀት ነው።

አሁን ስልኩ ይውጣ። ምንም ሳትነኩ ክፍሉን እንዳለ አንሱት። ከበሩ ጀምራችሁ እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ እያንዳንዱን ክምር። መሬት ላይ የወደቀውም ቢሆን የወደቀበት ቦታ ይታይ።

ከዚያ ዝርዝር ሥሩ። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጥራዝ የት እንደተገኘ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጹን ቀን፣ ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ። ርዕስ ከሌለው «ርዕስ የለውም» በሉ፤ ከራሳችሁ ስም አታውጡለት። ቁጥር ስትሰጡ ቀጭን ንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሃሉ አስገቡ። ሽፋኑ ላይ የሚለጠፍ ነገር አልወድም፤ ሙጫው ሲደርቅ ቁጥሩ ይወድቃል፣ ቆሻሻው ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። የመሬት መዝገብ ብቻውን አይናገርም። የስም ማውጫው ወደ አንድ ጥራዝና ገጽ ይልካችኋል። እዚያ ያለው የሽያጭ ውል ደግሞ «በዚህ ጥራዝ፣ በዚህ ገጽ እንደተመዘገበው» ብሎ ወደ ቀድሞው ባለቤት ይመራችኋል። ከዚያም ወደ ሌላው። በመሃል አንድ ጥራዝ ቦታውን ከሳተ ሐረጉ እዚያ ላይ ይቆማል።

አንድ ምሳሌ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለሰፋሪ እስከ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ መሬት ይሰጥ ነበር። ሰፋሪው አምስት ዓመት ኖሮበት ማልማቱን በምስክር ማረጋገጥ ነበረበት። የአንዱን ሰው ዶሴ ስትከፍቱ ማመልከቻው፣ የክፍያ ደረሰኙና የምስክሮቹ ቃል አብረው ይገኛሉ። ቤቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት፣ ምን እንደዘራ ተጽፏል። ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ የዜግነት ወረቀቱም አለ። አሁን አንድ ቅን ልጅ መጥቶ «ደረሰኙን ከደረሰኝ፣ ምስክርነቱን ከምስክርነት ጋር ላደራጅ» ቢልስ? ወረቀቱ ሁሉ ይኖራል፤ ሰውየው ግን ይጠፋል።

«የሚያምሩትን ካርታዎች ለብቻ» ያላችሁትም ያው ነው። ካርታው የዶሴው አካል ነው፤ ውሉ በቁጥር ይጠቅሰዋል። ትልቅ ስለሆነ የግድ ሌላ ቦታ መተኛት ካለበት፣ በወጣበት ቦታ «እዚህ የነበረው ካርታ እዚያ አለ» የሚል ወረቀት ይተካ። ፈረንሳዮች ሰነድን ከመጣበት ክፍል ሳይነጥሉ የመያዝን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1841 በመመሪያ አውጥተውታል። ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚያድረው። በገጾች መካከል የተሰካች ቁራጭ ወረቀት ብታገኙም አታንሷት። ያንን ወሰን የቀየረው ስምምነት እሷው ልትሆን ትችላለች። የት ገጽ ላይ እንዳለች ጻፉ፣ እዚያው ተዉአት።

ወደ ዋናው ጥያቄያችሁ ልምጣ፣ ከየት ይጀመር? ከሚያምረው አይጀመርም። በመጀመሪያ እርጥብ የሆነውን አውጡ። የረጠበ ወረቀት በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል። ጥቂት ከሆነ ንፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አይሆንም። ብዙ ከሆነ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው፤ በረዶ የሆነ ወረቀት አይሻግትም፣ ጊዜ ይሰጣችኋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሱናሚ የኢንዶኔዥያዋን አቼ ሲመታ የመሬት መዝገቦቹ በጨው ውኃና በጭቃ ተነክረው ነበር። ወደ ጃካርታ ወስደው አቀዘቀዟቸው፤ ከዚያም በጃፓን ባለሙያዎች እገዛ አደረቋቸው። ሻጋታ ያለበትን ደግሞ ለብቻ አግልሉት። ክፍሉ ውስጥ ብሩሽ እንዳታነሱበት፣ ለሁሉም ታዳርሱታላችሁ። ማስክ ሳታደርጉም አትግቡ፤ ሳንባ መለዋወጫ የለውም።

ከእርጥቡ ቀጥሎ ማውጫዎቹን አንሱ። የስም ማውጫ ደብተር ሁሉም ሰው የሚያገላብጠው ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ሌላው ቢጠፋ እንኳ ምን እንደነበረ የሚነግራችሁም እሱ ነው። ፎቶውን ስታነሱ ስልኩን በማቆሚያ አስሩት፤ በእጅ ይዛችሁ ሃምሳ ገጽ ሳትሄዱ ይንቀጠቀጣል። ብልጭታ አጥፉ። ከጎን ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ልኩ እንዲታወቅ። የመጀመሪያው ፎቶ የጥራዙ ቁጥር ይሁን። ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ባዶ ገጹንም ጭምር አንሱ። ባዶውን ከዘለላችሁት ነገ የሚያየው ሰው ገጹ ባዶ ይሁን የተረሳ አያውቅም።

ጥያቄ፦ በአንድ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። በጎ ፈቃደኞች የመሬት መዝገቦቻችንን ስካን አድርገው ጨረሱልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አሁን አለቃዬ «እንግዲህ ኦሪጅናሉ ቦታ ይዞ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?
መሃል ላይ የቆምኩት እህትዎ

መልስ፦ እህቴ፣ የሁለት ዱምስዴይ ታሪክ ንገሪያቸው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም ያዘዘው የመሬት ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1086 ተሠራ፤ ዱምስዴይ መጽሐፍ ይባላል። ብራና ላይ የተጻፈ ነው። ዛሬም ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፣ ይነበባል። 900ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ቢቢሲ አዲስ ዱምስዴይ አወጣ። ተማሪዎችና ሌሎች ፈቃደኞች ስለ አካባቢያቸው ጽፈው፣ ፎቶ አንስተው ላኩ። ሁሉም በሌዘር ዲስክ ላይ ሰፈረ፤ ለዘመኑ የመጨረሻው ቴክኖሎጂ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነ። ይዘቱን ለማውጣት ተመራማሪዎች መከራቸውን አዩ። የዘጠኝ መቶ ዓመቱ ብራና ግን ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ኮፒውን ናቂው ማለቴ አይደለም። ኮፒ የሌለው አገር ምን እንደሚሆን ደብሊን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ፣ ፎር ኮርትስ በሚባለው ግቢ የነበረው የአየርላንድ መዝገብ ቤት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። የዘመናት መዝገብ አመድ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ የሚመራ ቡድን የጠፋውን መዝገብ ቤት በኮምፒውተር መልሶ ለማቆም የሞከረበትን ሥራ ይፋ አደረገ። እንዴት ቻሉ? በየአገሩ ቤተ መዛግብት ቀርተው የነበሩ ግልባጮችን እየለቀሙ ነዋ።

ከእነዚህ ግልባጮች መካከል አንዱን በተለይ እወደዋለሁ። ዊልያም ፔቲ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ የአየርላንድን ሰፊ ክፍል አስቀይሶ ነበር፤ ዳውን ሰርቬይ ይባላል። መሬት ከካቶሊኮች ተነጥቆ ለሌላ የሚታደልበት ቅየሳ ነበርና የደስታ ታሪክ የለውም። ከካርታዎቹ ገሚሱ እ.ኤ.አ. በ1711 በእሳት ጠፋ፤ ሌላው በ1922 ነደደ። ግን አንድ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1707 በመርከብ ወደ ለንደን ሲጓዝ ፈረንሳዮች ማርከውት ፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ነበር። ከእሳቱ የተረፈው እሱ ነው። ሌባም አንዳንዴ ባለውለታ ይሆናል!

በእኛም በኩል የመሬት ሰነድ ቢሮ ብቻ አይደለም የሚገኘው። የድሮ ነገሥታት የሰጡት ርስትና ጉልት በወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ የተመዘገበው ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለው ገዳም፣ በደብረ ሊባኖስ ዘሃም ወንጌል ላይ ነው። ወንጌል ደግሞ ማንም በዘፈቀደ አይነካውም። በመጨረሻው ላይ «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን» የሚል ይታከልበታል፤ የዘመኑ ፓስዎርድ በሉት። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሲነሱ፣ ከድርሳኑና ከገድሉ ጋር እነዚህ የኅዳግ ማስታወሻዎችም አብረው ተነስተዋል። ዛሬ የመሬት ታሪክ አጥኚ የሚያነባቸው እነሱን ነው።

ስለዚህ ለአለቃሽ «ኦሪጅናሉም ይኑር፣ ኮፒውም ይብዛ» በያቸው። ዋናው ምስል ጥራቱን ሳይቀንስ በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ ይቀመጥ፤ ለአንባቢ ጄፔግ ወይም ፒዲኤፍ ይሰጥ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ። ፍላሽ ማስቀመጫ አይደለም፤ ማመላለሻ ነው። ደግሞ በየዓመቱ ፋይሎቹን ከፍቶ የሚያይ ሰው በስም ይመደብ። መሳቢያ ውስጥ የተኛ ሃርድ ድራይቭ መሞቱን የሚናገረው በምትፈልጊው ቀን ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ የቦታ ውልና ካርታ እጄ ላይ አለ። ውሉ እጥፋቱ ላይ እየተቀደደ ነው። ካርታው ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሲሆን እየደበዘዘ ነው። ላሚኔት ላስደርጋቸው ወይስ በስኮች ልያዛቸው? ነጭ ጓንትስ ያስፈልጋል?
የአባቷ ልጅ

መልስ፦ ላሚኔት በፍጹም። ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ ከገባ በኋላም በደህና አይወጣም። ስኮችም ይቅር። ዛሬ ግልጽ ሆኖ ይለጠፋል፤ ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ይላቀቅና ሙጫው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ጽሑፉን ይዞት ነው የሚሄደው። ባለሙያ ቢያገኙት በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይጠግነዋል፤ ሲያስፈልግ በውኃ ይለቃል። እስከዚያው ውሉን ዘርግተው ንጹሕ አሲድ የሌለው ወረቀት መሃል ያስተኙት። መልሰው አያጥፉት። አግራፍና ላስቲክ ካለበት ቀስ ብለው ያውጡ፤ አንዱ ይዝጋል፣ ሌላው ይቀልጣል።

ሰማያዊው ካርታ የራሱ ጠባይ አለው። የድሮ ቀያሾችና መሐንዲሶች ፕላን የሚያባዙበት ዘዴ ነው፤ ቀለሙ ከብረት ጨው የተሠራ ሰማያዊ ነው። ጠላቱ ብርሃን ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ከነበረ ያውርዱት። ጨለማ ውስጥ ሲቆይ የደበዘዘው በከፊል የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ ተስፋ አይቁረጡ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ለሰነድ ተብለው ከሚሸጡ አቃፊዎች አሲድ እንዲከላከሉ አልካሊ የተጨመረባቸው አሉ። ለሌላው ወረቀት ደግ ናቸው፤ ለሰማያዊው ግን ቀለሙን ያጠፋሉ። ስለዚህ አልካሊ ያልተጨመረበትን ይጠይቁ።

ጓንቱን ፊልም ላይ ነው የለመድነው። ጨርቅ ጓንት ጣት ያደነዝዛል፣ የተሰነጠቀ ጠርዝ ይይዛል፣ ይቀድዳል። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ቅባት አይቀቡ። ጓንት የሚያስፈልገው ፎቶግራፍ ሲነኩ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ የቅየሳ ደብተሮችን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን ነው። ጽሕፈቱ አስቸጋሪ ነው። «ሰንሰለት» በሚል ልክ የተጻፈውን ወደ ሜትር እየቀየርን፣ የተሳሳተ የመሰለንን የስም አጻጻፍም እያስተካከልን ነው። ደግሞስ ኮምፒውተር ራሱ ያነበዋል ይባላል፤ ታዲያ እኛ ለምን እንደክማለን?
ዓይናችን የፈዘዘ ገልባጮች

መልስ፦ ወዳጆቼ፣ ማስተካከሉን ዛሬውኑ አቁሙ። እንዳለ ገልብጡ። በአንዱ ገጽ ስሙ በአንድ መልክ፣ በሌላው ገጽ በሌላ መልክ ቢጻፍ ሁለቱንም እንደተጻፉ ተዉ። አንድ ሰው መሆናቸውን ካመናችሁ በሌላ ዓምድ ማስታወሻ ያዙ። ያልተነበበውን በጥያቄ ምልክት እለፉት። ገምቶ መሙላት የዚህ ሥራ ነቀርሳ ነው፣ ምክንያቱም ግምቱ ከተጻፈ በኋላ ከእውነቱ አይለይም።

ልኩም እንደዚያው። ኤድመንድ ጉንተር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1620 ያስተዋወቀው የቀያሽ ሰንሰለት ርዝመቱ 66 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ቀለበት ይከፈላል። ጉራማይሌ ይመስላል እንጂ ብልህ ነው። 80 ሰንሰለት አንድ ማይል፣ 10 ካሬ ሰንሰለት ደግሞ አንድ ኤከር ይሆናል። አሜሪካን በአራት ማዕዘን የሸነሸነው ቅየሳ በዚህ ነው የተለካው። ቀያሹ ለምሳሌ «40 ሰንሰለት፤ ችካል ተከልኩ» ካለ ግማሽ ማይል ሄዶ የመስመሩ አጋማሽ ላይ ቆሟል ማለት ነው። እናንተ «804.7 ሜትር» ብላችሁ ብትጽፉት ይህ ትርጉም ይጠፋል። የእኛው «ጋሻ»ም በተለምዶ 40 ሄክታር ተደርጎ ይሰላል፤ ግን እንደ ቦታውና እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር። ቀይራችሁ ካስቀመጣችሁት በኋላ ማን ያውቃል? ስሌቱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ የተጻፈው ይኑር።

አጠገቡ ያለውን ዛፍም አትዝለሉ። የአሜሪካ ቀያሾች ችካል ሲተክሉ በአቅራቢያ ያለውን ዛፍ ምልክት አድርገው ዓይነቱን፣ ውፍረቱን፣ ከችካሉ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ይጽፉ ነበር። ዓላማቸው ችካሉ ቢጠፋ ቦታው እንዲገኝ ነው። ዛሬ የሥነ ምህዳር አጥኚዎች ከእርሻ በፊት የነበረውን ደን መልሰው የሚስሉት በእነዚያ ዛፎች ነው። «ዛፍ ምን ያደርግልናል» ብሎ የዘለለ ገልባጭ ሳያውቅ ደን መንጥሯል።

ኮምፒውተሩ ያነባል፣ አዎ። እንደ ትራንስክሪበስ ያሉ ፕሮግራሞች የእጅ ጽሕፈት ያነባሉ፤ በደንብ የሚያነቡት ግን ሰው አስቀድሞ በገለበጣቸው ገጾች ሲሠለጥኑ ነው። ያም ሆኖ የመሬት መዝገብ አንድ ክፋት አለው። ደብዳቤ ላይ አንድ ቃል ቢሳሳት ዐረፍተ ነገሩ ያጋልጠዋል። «13» ወይስ «18» ሰንሰለት የሚለውን ግን ዐረፍተ ነገሩ አያጋልጠውም፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። የሚያጋልጠው ጎረቤቱ ነው። ወሰን ሁለት ጎን አለው፤ በእኔ ዶሴ ያለው የምሥራቅ ወሰኔ በአዋሳኜ ዶሴ የምዕራብ ወሰኑ ሆኖ ይገኛል። ቁጥር ሲያጠራጥራችሁ አዋሳኙን ክፈቱ። ካልሆነ ደግሞ የአራቱን ጎን ልክ ወስዳችሁ ከተጻፈው ስፋት ጋር አመዛዝኑ። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው፣ ለዚያ ነው የምትደክሙት።

ጥያቄ፦ ስንገለብጥ የሚያሳፍር ነገር አገኘን። ለአንዳንድ ወገን መሬቱ እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ በውሉ ውስጥ አለ። ግማሾቻችን «ቁስል አንነካካ፣ ይቅር» እንላለን። ምን ይሻላል?
ለሁለት የተከፈልን

መልስ፦ አይቅር። ሌሎች የገቡበት ነገር ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ «ማፒንግ ፕሬጁዲስ» የሚባል ሥራ አለ። በሚኒያፖሊስ ከተማ የቤትና የቦታ ውሎች ውስጥ «ነጭ ላልሆነ ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚሉ አንቀጾች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለው አንቀጽ በፍርድ እንደማይፈጸም ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በሕግ ተከለከለ። ወረቀቱ ግን በየመዝገቡ ተኝቶ ነበር። ኮምፒውተር ተጠርጣሪ ቃላት ያለባቸውን ገጾች ለየ፤ ፈቃደኞች አንድ በአንድ አነበቡ። አንዱን ውል ከአንድ በላይ ሰው እንዲያነበው ተደርጓል። ከዚያ በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ተቀመጠ። ማን የት እንዳይኖር እንደተደረገ በሠፈር በሠፈር ታየ።

በጣም የወደድኩት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ የቤቱ ባለቤት አንቀጹን መሻሩን የሚገልጽ ሰነድ ማስመዝገብ ይችላል። አሮጌው ገጽ አይፋቅም፤ መሻሩ ከጎኑ ይመዘገባል። የመዝገብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

በሌላ በኩል ግን ጥንቃቄ አድርጉ። በሕይወት ያለ ሰው ስም፣ ፊርማ፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ዕዳ ያለበትን የቅርብ ጊዜ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁ። ሕጉ ምን ያህል ዓመት እንደሚያስቆይ ቤተ መዛግብቱን ጠይቁ። የእናንተ ግልባጭ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ እንዳልሆነም በግልጽ ጻፉበት። ካልጻፋችሁ የወሰን ክስ ያለበት ሁሉ በራችሁ ላይ ይሰለፋል፤ ከዚያ አትላቀቁም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። በሳምንት ሁለት ሰዓት አለኝ። ኮምፒውተር እምብዛም አልችልም፣ የድሮ ጽሕፈት ማንበብ ግን ለምጃለሁ። ለእነዚህ ልጆች ሸክም ከምሆን ብዬ ተውኩት።
አንድ አንባቢ

መልስ፦ ኧረ እንዴት ይተዉታል? በዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1,000 በላይ የሆኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሥራት ካርታዎች፣ ማለትም ከየማሳው የሚከፈለውን አሥራት ለመተመን የተሠሩ ካርታዎች አሉ። የእያንዳንዱን ማሳ ስም፣ ባለቤትና ተከራይ የሚዘረዝር ሠንጠረዥም አብሯቸው አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያንን ሁሉ የገለበጡት ባብዛኛው ከቤታቸው ሆነው በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩ ፈቃደኞች ናቸው። ዛሬ የማሳ ስም ጽፎ ካርታው ላይ ማግኘት ይቻላል።

ለእርስዎ ደግሞ ኮምፒውተር የማያስፈልገው ሥራ አለ፤ ማመሳከር። አንዱ ከግልባጩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ኦሪጅናሉን እያየ ይከታተላል። ወጣቶቹ ይህን አይወዱትም፤ ይሰለቻቸዋል፣ ደግሞም የጻፉት ትክክል ይመስላቸዋል። የድሮ ጽሕፈት የለመደ ዓይን ካለዎት በሁለት ሰዓት የሚያድኑት ስህተት ቀላል አይደለም። የምድር ቤቱ ልጆች ደብዳቤ ከላይ አለ፤ እንደነሱ ያሉ በአቅራቢያዎ ካሉ ጠይቋቸው። መነጽርዎን አይርሱ፤ እስክሪብቶዎን ግን በር ላይ ይተዉት፣ እዚያ የሚገባው እርሳስ ብቻ ነው።